ባለአንድ ዓይኗ የሳሎናችን ሴት

«ማንም አይደለችም።»

የቤቱ ባለቤት እንዲህ ነው ያለችን። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር የተከራየነውን ቤት ቁልፍ ልታስረክበን በመጣች ቀን፣ ሳሎኑ መሀል ቆማ፣ ከእሳት ማንደጃው በላይ የተሰቀለውን ሥዕል በአገጯ እየጠቆመች። ጸጉሯን ቀይ የምትቀባ ፖርቱጋላዊት አሮጊት ናት፤ ሰውን ሁሉ፣ አባቴን ጭምር፣ «ዳርሊንግ» ትላለች። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ሰው ቤት የገባ እንግዳ ግድግዳ ላይ ፎቶ ሲያይ እንደሚጠይቀው «ይቺ ሴት ማን ናት?» አልኳት። ስለ ሥዕሉ ሲሆን የማታውቀው ነገር አልነበረም። የዘይት ቀለም ነው፤ ከባሏ ዘመዶች ጋር ከአውሮፓ በመርከብ መጥቷል፤ መኪና ሳይኖር፣ ሰው በፈረስ ጋሪ በሚሄድበት ዘመን የተሳለ ነው፤ ፍሬሙም የምር እንጨት እንጂ የዛሬ ፕላስቲክ አይደለም። ሴትየዋስ? ትከሻዋን ሰበቀች። «ኖባዲ፣ ዳርሊንግ።»

ፍሬሙ ታሪክ አለው፣ ሴትየዋ የላትም! እዚያው በቆምኩበት ደሜ ፈላ።

ይባስ ብላ፣ «ብቻ እንዳታወርዷት» አለችን። «ከኋላዋ የድሮው ጭስ መውጫ ቀዳዳ አለ። እሷ ባትኖር ብርዱም አይጡም ሳሎን ነው የሚገባው። ሌላውን ግን የፈለጋችሁትን አድርጓት።»

ውታፍ! ሴት ልጅ አንድ ቀን ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ለስንት ሰዓት ሳትነቃነቅ ቁጭ ብላ ትሳልና መጨረሻዋ የጆሃንስበርግ አይጥ መከልከያ ውታፍ! አባቴ ቧንቧ እየከፈተና እየዘጋ ነበርና አልሰማም። ብቻዬን ተናደድኩላት።

ቆንጆ አልነበረችም፤ ወዲያው ልናገር። ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ማንም ይቆረቆርላት ነበር። ጥቁር፣ አንገቱ ድረስ የተቆለፈ ቀሚስ ለብሳለች። አንገቱ ላይ ነጭ ዳንቴል አለ። ጸጉሯ ተጎንጉኖ ከማጅራቷ ላይ ተጠቅልሏል። አፍንጫዋ መሀሉ ላይ ጎበጥ ይላል፤ ሠዓሊው ቢፈልግ ማቃናት ይችል ነበር፣ አላቃናውም። ከአገጯ በታች ሁለተኛ አገጭ ሊመጣ ሲል ይታያል። ጆሮዋ ከበስተኋላው ብርሃን የበራበት ይመስል ቀላ ብሏል፤ ከሁሉ የምወደው ጆሮዋን ነው። ከዕድሜ ብዛት ጉንጯ ላይ ያለው ቀለም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የተቀመጠችውም በጎኗ ነው። ፊቷ ወደ ግራ ዞሯል፤ እኛን አታየንም።

መዘዝ ያመጣው ይህ መዞሯ ነው።

አባቴ ስለ አዲሱ ቤት ለእናቴ ሁሉንም ነግሯታል። ጣሪያው አበባ የተቀረጸበት ቆርቆሮ መሆኑን፣ ወለሉ ጣውላ መሆኑን፣ ውኃው ኃይለኛ መሆኑን። ሥዕሉን አልነገራትም፤ ሥዕል ለእሱ የግድግዳ አካል ነው። እናም ዕቃ ያመላለስን ዕለት እናቴ የድስት ካርቶን ታቅፋ ሳሎን ገባች፤ ቀና አለች፤ ካርቶኑን ለቀቀችው።

«በስመ አብ ወወልድ! ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም» አለ አባቴ ከበር ላይ። አባቴ! የገዛ አባቴ!

«አንድ ዓይን!» አለች እናቴ። አማተበች። «አንድ ዓይን ያላት ሴት ሰቅለህ ነው ልጆቼን ይዤ የምገባው?»

ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስትቆጣ ግን እበዛለሁ።

እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። እዚሁ የተወለድኩ ነኝ፤ አማርኛውም ቢሆን ከእናቴ አፍና ከሰንበት ትምህርት ቤት የለቀምኩት ነው። ስለዚህ እናቴ ድስቶቿን እየሰበሰበች አስረዳችኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ያይሻል፣ በሁለት ዓይን። በጎኑ የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ኃጢአተኛው ነው። ይሁዳ። ሰይጣን። ሰቃዮቹ። «ሠዓሊ እንዲሁ ዝም ብሎ ፊት አያዞርም» አለች። «ያዞረባት ቢያውቅባት ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎቱን ትቼ ሥዕል ስቆጥር ዋልኩ። እውነቷን ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ ፊታቸው የቆምኩት ቅዱሳን ሁሉ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቻቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። ማዕዱ ጫፍ ላይ ያለው ይሁዳ በጎኑ ነው። ከፈረሱ ሆድ ሥር የሚንደባለለው ሰይጣን በጎኑ ነው። ጅራፍ የያዙት ወታደሮች በጎናቸው። ለካስ ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ማን እንደሆነ ሥዕሉ ራሱ ይነግረኝ ኖሯል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት! በደስታ መጮህ አማረኝ። ደስታዬ ግን እስከ አውቶብስ ፌርማታው ድረስ እንኳ አልዘለቀም፤ ሴትየዋ ትዝ አለችኝ።

እሷን የሳላት የእኛ ሰው አይደለም። ሠዓሊው ስለ ይሁዳ ዓይን የሰማው ነገር የለም። በእሷ አገር ሰው በጎኑ መሳል ነውር አልነበረም፣ እንዲያውም የጨዋ ሰው ወግ ሳይሆን አይቀርም። በአንድ አገር ሕግ የተሳለች ሴት በሌላ አገር ሕግ ተፈረደባት፤ ያውም ሳትጠየቅ። በሰው አገር ሕግ መዳኘት ምን እንደሚመስል ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? አባቴ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱን ሊያሳድስ በሄደ ቁጥር ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የሚውለው ለምን ሆነና?

ይህንኑ እራት ላይ አቀረብኩ።

«እማዬ፣ ዞራ ስለተቀመጠች እኮ ነው። ሌላኛው ዓይኗ በዚያ በኩል ነው።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁም፣ ግን—»

«አላየሽም። በቃ።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይከራከራሉ?

ከትምህርት ቤት በታክሲ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጡትን በጎን ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ባለአንድ ዓይን ናቸው። ልጇን በፎጣ ያዘለችው እናት አንድ ዓይን፣ እዚያ ጥግ የምታንቀላፋው ነርስ አንድ ዓይን። አንዲት ባለአንድ ዓይን አሮጊት «ሳውቦና» ብዬ ሰላም ስላት «ዬቦ፣ የእኔ ልጅ» ብላ በዙሉ እንዲህ ደስ በሚል አፍ መለሰችልኝ። ከታክሲው ሙሉ ሰው በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ዓይኑ የታየኝ ሾፌሩ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀይ መብራት ሲጥስ አየሁት።

ቤት እንደገባሁ እናቴን ሽንኩርት ስትከትፍ በጎኗ ፎቶ አነሳኋትና ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩላት።

«እማዬ፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለሽ። ወገንሽ ከነማን ነው?»

«አጥፊው!»

«ከይሁዳ ነው ከወታደሮቹ?»

«አጥፊው ብዬሻለሁ! አንቺ ባለጌ!» ነጠላ ጫማዋ ከጆሮዬ አጠገብ አልፎ በሩን መታው። አባቴ የጎረሰው ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነቴን ነበር።

እናቴ መፍትሔዋን ከአባቴ ሱቅ አመጣች። አባቴ መሀል ከተማ መጋረጃና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ማውረድ ካልተቻለ መሸፈን ነው፤ ስለዚህ ከተረፈ ጨርቅ አንድ ቁራጭ አስመርጣ፣ በቀጭን ሽቦ አንጠልጥላ፣ ሴትየዋን ከላይ እስከ ታች ጋረደቻት። የተረፈው ጨርቅ ግን እንዴት ያለ ነበር! ወይን ጠጅ ከፋይ፣ ጠርዙ ወርቃማ ዘርፍ። «ሌላ አልነበረም» አለች። ወንበሩ ላይ ቆማ ዘርፉን ስታስተካክል እኔ ከታች ሆኜ፣ ይህቺ ሴት በመጀመሪያ ማንም አልነበረችም፣ ቀጥሎ ኃጢአተኛ ሆነች፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ የለችም እያልኩ አጉተመተምኩ። የሰማኝ የለም።

እናቴ ያላሰበችው ነገር በዚያው ሳምንት መጣ፤ ዳቦ ይዞ መጣ።

ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ የምትኖር የማኅበር ጓደኛዋ ናት። «እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ» ልትል ድፎ ዳቦ ተሸክማ ገባች። ሳሎኑን ቃኘች፤ ዓይኗ ከእሳት ማንደጃው በላይ ቆመ። ወይን ጠጅ ከፋይ። ወርቃማ ዘርፍ። የተጋረደ ሥዕል። ማንኛዋም የእኛ ሴት ይህን ስታይ የምታደርገውን አደረገች፦ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ማንደጃው ሄደች፣ ሰገደች። ከዚያ የመጋረጃውን ጫፍ አንስታ ሳመችው፤ ግንባሯንም አስነካችው።

እናቴን አየኋት። መልኳ እንደ ነጠላዋ ሆኗል።

«የማን ሥዕል ናት?» አለች እንግዳዋ በሹክሹክታ።

እናቴ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፤ እውነቱን ደግሞ በምን አፏ ትናገረው? «እ… አሮጌ ናት» አለች።

«አሮጌማ በረከቷ!» ብላ ደግማ ሳመች።

የሶፋውን ትራስ ነክሼ ነው የተረፍኩት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም! ውታፍ የተባለችው ተሰገደላት! ግን እንግዳዋ እንደወጣች እናቴ ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ።  «ለማን አሰገድኳት?» አለች። «አምላኬ፣ ለማን ነው ያሰገድኳት?»

ወሬው እሑድን አልጠበቀም። «እናንተ ቤት ያለችው አሮጌ ሥዕል» ይሏት ጀመር። ያ ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር፤ ግን የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ደርሷል። ማኅበርተኞቹ በሙሉ ሊመጡ ነው። መጋረጃው ካለ ሁሉም ይሰግዳሉ፣ ኃጢአቱም የእናቴ ነው። መጋረጃው ከተነሣ ደግሞ ያች ዳቦ ያመጣችው ሴት የሳመችውን ታያለች፣ ውርደቱም የእናቴ ነው። ማውረድ አይቻልም፤ አይጡ አለ። እናቴ ለጥቂት ቀን እንቅልፍ አጣች፤ ከዚያም መሪጌታን ጠራች።

መሪጌታ የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊ ናቸው። በሥራ ቀን ጎማ ቤት ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጋራዣቸው ውስጥ ቅዱሳን ይስላሉ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ተስፋ አደረግሁ። ሠዓሊ ሥዕል ሲያይ ይገባዋል ብዬ ነበር።

«እጁ የተባረከ ሰው ነው የሳላት» አሉ።

«አየሽ እማዬ!» አልኩ።

«ችግር የለም» አሉ መሪጌታ ቀጥለው። «ሁለተኛውን ዓይን እንሰጣታለን። ጸጉሯን በነጠላ እንሸፍናለን። በቃ፣ ሥዕለ አድኅኖ ትሆናለች። የሰገደውም በከንቱ አልሰገደም።»

እናቴ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች። እኔ ግን መተንፈስ አቃተኝ።

«መሪጌታ፣ የሰው ፊት ነው እኮ!»

«ልጄ፣ ላጠፋት አይደለም። ላድናት ነው።»

«ማን አድኑኝ አለዎት?»

«አንቺ!» እናቴ ጮኸችብኝ። «እንዲህ ነው ለመሪጌታ የሚመለሰው?»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅርታ ጠይቄ ግን አልተቀመጥኩም። «እሺ መሪጌታ፣ እርስዎ የሳሉትን ሥዕል ሌላ ሰው መጥቶ አንድ ዓይን ቢያጠፋበትስ? ምን ይሉታል?»

መሪጌታ ጺማቸውን እየዳሰሱ አሰቡበት። የምር አሰቡበት። «እጁን ነበር የምቆርጠው» አሉ።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የእኔ ሥዕል ትክክል ነዋ!»

ቅዳሜ ቀለማቸውን ይዘው ሊመጡ ተስማምተው ሄዱ። እስከ ቅዳሜ ያላንኳኳሁት በር የለም። አባቴን ሱቁ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ብርድ ልብስ እያጠፈ፣ «የእኔ ልጅ» አለኝ፣ «ስለ ኪራይ ከእናትሽ ጋር እከራከራለሁ። ስለ ማርያም ማኅበር ግን አልከራከርም። እኔም እዚያው ቤት ነው የማድረው።» ለቤቱ ባለቤት ደወልኩላት። ሌላ ሰው ባይገባው ንብረቱ የእሷ ነው አይደል? በሥዕልሽ ላይ ዓይን ሊጨምሩ ነው አልኳት። በስልኩ ውስጥ ሳቀች። «ሦስትም ቢጨምሩላት ግድ የለኝም፣ ዳርሊንግ። ቀዳዳው እንዳይከፈት ብቻ።» ስልኩን ዘግቼ «ኤይሽ!» ብዬ ጮህኩ፤ ለእንዲህ ያለው ንዴት አማርኛው አልበቃኝም፣ የሰፈሩን ቃል ተዋስኩ።

ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት እየመጣሁ መጋረጃውን እገልጥና ፊቷን አያለሁ። የጎበጠ አፍንጫዋን፣ የቀላ ጆሮዋን፣ ሊመጣ ያለውን አገጭ። የቀራት ነገር ቢኖር ይህ ፊት ብቻ ነበር። ቤቷ የለም። የሳላት ሞቷል። ምን እንደምትባል የሚያውቅ አንድ ሰው በዓለም ላይ የለም። ፊቷ ከጠፋ በእውነትም ማንም ሳትሆን ልትቀር ነው። ያኔ ያቺ አሮጊት ትክክል ሆነች ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ፈጽሞ አልፈቅድም!

ቅዳሜ መሪጌታ መጡ። ቀለማቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ወንበር ላይ ወጡ፤ በመጀመሪያ በጠመኔ ሊነድፉ ቀረቧት። እናቴ ከታች እጇን አጣምራ ቆማለች። እኔ በሩን ተደግፌ ላለማልቀስ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

ጠመኔው በአየር ላይ ቆመ።

«ወዴት በኩል ነው የማደርገው?» አሉ መሪጌታ ለራሳቸው።

እውነትም ቦታ የለም። ፊቷ የአፍንጫዋ ድልድይ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቡናማ ጨለማ ነው። እዚያ ቢስሉት ዓይኑ አየር ላይ ሊንሳፈፍ ነው። ጥቂት ካመነቱ በኋላ በወዲህ በኩል፣ በዓይኗና በጆሮዋ መሀል፣ ጉንጯ ላይ ነደፉት። ሲስሉ ደግሞ ያውቁበታል፤ ያማረ፣ ሰፊ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ዓይን። ከወንበሩ ወርደው ወደ ኋላ ሄድ ብለው አዩት።

 ጉንጯ ውስጥ ሌላ ሰው ተደብቆ በቀዳዳ የሚያየን ይመስል ነበር።

«አፍንጫዋ ነው ያስቸገረው» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። «አፍንጫዋን ወደዚህ ብናዞረው…»

«አፏስ?» አልኩ።

«አፏም አብሮ ይዞራል።»

«ጸጉሯስ?»

«እሱማ በነጠላው ይሸፈናል።»

«እንግዲያ ምኗ ሊቀር ነው?»

መሪጌታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ፈለጉ። «ቀሚሷ» አሉ።

ይኼኔ እናቴ ተንቀሳቀሰች። ወንበሩ ላይ ወጣች። የነጠላዋን ጫፍ በምላሷ አረጠበች፤ ልክ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፊቴ ላይ ቁርስ ስታይ እንደምታደርገው። ከዚያም የጠመኔውን ዓይን ከሴትየዋ ጉንጭ ላይ ትጠርግ ጀመር። ቀለሙ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ቀስ ብላ፣ እየነካች እየተወች። በሌላ እጇ ፍሬሙን እንደ አገጭ ይዛዋለች።

«ምን አድርጋ ነው?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ምን ያደረገች ሴት ናት እንዲህ የምትሆነው?»

ስንት ሳምንት ሙሉ ምን ስል ነው የከረምኩት?! እራት ላይ! ሱቅ ድረስ ሄጄ! ነጠላ ጫማ ተወርውሮብኝ! «ምን አደረገች» ማለት የእኔ ጥያቄ ነበር፤ አሁን እናቴ ገና ዛሬ እንደመጣላት ጠየቀችው። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ከብዶኝ ዝም ብዬ አላውቅም።

መሪጌታ ትንሽ ቅር ብሏቸው ቀለማቸውን ሰበሰቡ። ምሳ በልተው፣ በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና «መጋረጃውን ግን አንሡት» አሉ። «የማይሰገድለትን ሸፍኖ ሰው ማሰገድ አንድ ዓይን ከመሆን ይብሳል።» እናቴም ሽቦውን ፈታች። ከፋዩ ወደ ሱቅ ተመለሰ።

የማኅበሩ ዕለት ሴትየዋ እንደተሳለች፣ በጎኗ፣ ከእሳት ማንደጃው በላይ ነበረች። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ወደዚያ ቀና ብላ አላየችም። እንግዶቹ ነጭ በነጭ ሆነው እየተሳሳሙ ገቡ። ያች ዳቦ ያመጣችው ሴት ገና ከበሩ ነጠላዋን እያስተካከለች ቀጥታ ወደ ማንደጃው ሄደች፤ መጋረጃውን ስታጣ ቀና አለች፤ ደርቃ ቀረች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት» አለች እናቴ። ድፎውን ልትቆርስ ቢላዋ ይዛ ቆማለች።

«አንድ ዓይን!» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ ይቺን ነው የሳምኩት? ለዚች ነው የሰገድኩት?»

 ሁሉም ቀና ብሎ ሴትየዋን አየ፣ ከዚያ እናቴን። እኔ የብርጭቆ ትሪ ይዤ መተላለፊያው ላይ ነበርኩ። አሁን አለቀላት አልኩ፤ እናቴ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው፣ ነገ መሪጌታ ከነቀለማቸው ሊመለሱ ነው። መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ! በሌላ አገር ስለተሳለ ሥዕል፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ታክሲው መንገደኞች፣ ሁሉንም አዘጋጅቻለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

እናቴ ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳረፈች።

«ሰው ጠርቷት ዞር ብላ ነው» አለች። «አሁን ትመለሳለች።»

እንዲህ፣ ጎረቤት ስለሄደች ሴት እንደምታወራ። ደግሞም ቆረሰች።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጥጉ ላይ የተቀመጡት፣ ከማኅበርተኞቹ ሁሉ ትልቋ፣ «ትመለስ እንግዲህ፣ ዳቦው ሳያልቅ» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳቦ ያመጣችው ሴት መጀመሪያ ኩርፍ ብላ ነበር፤ በኋላ እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሥዕሉን ዳግመኛ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ትሪዬን ይዤ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። የእኔ ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስሟገትላት ሌላ ዓይን አላት እያልኩ ነበር፤ የጠራት ሰው ሊኖር ይችላል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ማን ነው የጠራት? ልጅ ነው? ምጣድ ላይ የተጣደ ነገር እያረረ ነው? ቀና ብዬ አየኋት፤ የጆሮዋ መቅላት፣ የአፏ ነገር፣ ሁሉም፣ ስሟን ሲጠሯት የሰማች ሴት ሆኖ ታየኝ። ጠበቃዋ እኔ ነበርኩ፤ ያወቀቻት ግን «አንድ ዓይን!» ብላ ድስት የጣለችው እናቴ ሆነች። በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር! ደግሞ ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላለችውም!

«አንቺ ልጅ» አለችኝ ከዳቦው ላይ ሳትነሣ፣ «ምን አፍሽን ከፍተሽ ትገተሪያለሽ? ጠላው ሲሞቅ ነው የምታቀርቢው?»

ብርጭቆውን አደልኩ። በንዴት፣ ግን እየሳቅሁ።